ብስክሌት መንዳት ሲከለከል አቅምን እንዴት መጠበቅ ይቻላል፦ ከሐዋሳ፣ በስድስት ሳምንት የጄሶ ጊዜ የተሠራ

ባለፈው ሐምሌ፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ከጥቁር ውሃ ወደ ከተማ ስመለስ የፊት ጎማዬ ውሃ የሞላ ጉድጓድ ውስጥ ገባ። ውሃው አፉን ሞልቶ ስለነበር ከኩሬ ለይቼ አላየሁትም። በግራ መዳፌ መሬት ተቀበልኩ፤ የእጄ አንጓ ተሰበረ። ጄሶ ታሰረልኝ፤ ለስድስት ሳምንት። ሐኪሙ ራጁን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ ስንጥቁን ካሳየኝ በኋላ «አጥንቱ የራሱን ሥራ ይሠራል፤ አንተ አትነካካው። የቀረውን ሰውነትህን ግን እንዳታስተኛው» አለኝ። ይህ መመሪያ የተጻፈው በዚያች በሁለተኛዋ ቃል መነሻነት ነው።

ሐዋሳ የብስክሌት ከተማ ናት። መንገዱ ሜዳ ስለሆነ ተማሪውም፣ ሠራተኛውም፣ ሽማግሌውም ይነዳል። ስለዚህ አንድ ቀን መንዳት የሚከለከል ሰውም ብዙ ነው፦ የወደቀ፣ የታመመ፣ ቀዶ ጥገና የተደረገለት፣ ብስክሌቱ የተሰረቀበት፣ ወይም ካላማዳሪና ካቴና እስኪያገኝ ድረስ ብስክሌቱን ግድግዳ ላይ ያስደገፈ። ለሁላችሁም የሚሆን ነገር እዚህ አለ። እኔ የማውቀው በደንብ የእጁን ግን ነው፤ እሱ ላይ እቆያለሁ።

መጀመሪያ፦ ምን እንደሚጠፋና መቼ እንደሚጠፋ እወቁ

ብስክሌት ስናቆም የሚያስጨንቀን እግራችን ነው። ቶሎ የሚቀንሰው ግን ሌላ ነው። ልምምድ ካቆምን ከጥቂት ቀናት በኋላ የደማችን ፈሳሽ ክፍል መጠኑ ይወርዳል። ልብ በአንድ ምት የሚገፋው ደም ያንሳል፤ ያንኑ ሥራ ለመሥራት ቶሎ ቶሎ መምታት ይኖርበታል። ደረጃ ስትወጡ «ምነው እንዲህ አለከለከኝ» የምትሉት ለዚህ ነው። ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ሙሉ በሙሉ ከተቀመጣችሁ ሰውነታችሁ ኦክስጅን የመጠቀም ጣሪያው በመቶኛ ሲለካ ጥቂት ነጥቦች ይወርዳል። የጡንቻ ጉልበት ግን ታጋሽ ነው፤ ሦስትና አራት ሳምንት ብዙም ሳይጎድል ይቆያል።

ከዚህ የሚከተለው ግልጽ ነው። በመጀመሪያው ወር ልንጠብቀው የሚገባን በተለይ ልብና ትንፋሽን ነው። ልብ ደግሞ የሚሠራው በብስክሌት ይሁን በደረጃ ወይም በዳገት አይለይም። የሚያውቀው ምን ያህል እንደተጠየቀ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ነገር ከሁሉ የበለጠ የጠቀመኝ ነው። አቅምን ለማቆየት የሚያስፈልገው ልምምድ አቅምን ለመገንባት ካስፈለገው በጣም ያነሰ ነው። በሳምንት አምስትና ስድስት ቀን ትነዱ ከነበረ፣ በሳምንት ሁለት ጠንካራ ቀን ለብዙ ሳምንታት ይይዛችኋል። አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ አለው፦ ሰዓቱንና ቀኑን መቀነስ ትችላላችሁ፣ ጥንካሬውን ግን አትቀንሱ። ብዙ ሰው ተገላቢጦሹን ያደርጋል፤ በየቀኑ ለአንድ ሰዓት በሐይቁ ዳር ቀስ ብሎ ይራመድና ከወር በኋላ ትንፋሹ ለምን እንደከዳው ይገርመዋል።

እረፍቱ ራሱ ጠላት እንዳልሆነም ልንገራችሁ። ፅጋቡ ግርማይ በ2016 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ ቱር ደ ፍራንስን ተወዳድሯል። እንዲህ ያለውን የሦስት ሳምንት ውድድር የሚነዱ ባለሙያዎች እንኳ በየዓመቱ የውድድር ጊዜው ሲያልቅ ሆን ብለው ብስክሌታቸውን ለተወሰነ ጊዜ ያስቀምጣሉ። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን አምስት ስድስት ቀናት አትንገብገቡ። ሕመሙ ይብረድ፣ እብጠቱ ይውረድ፣ እንቅልፍ ተኙ።

ሐኪሙን ሦስት ነገር ጠይቁ

ከክፍሉ ከመውጣታችሁ በፊት። አንደኛ፣ የቱን ማንቀሳቀስ ይፈቀድልኛል? ሁለተኛ፣ ማላብ ይፈቀድልኛል? ሦስተኛ፣ ብወድቅ ምን ይሆናል? ሦስተኛውን የሚጠይቅ የለም፤ እኔን ግን ከጭቃማ ዳገት ያስቀረኝ የሱ መልስ ነው።

ጄሶ ላደረገ ሰው ጥቂት ግዴታዎች አሉ። ጣቶቻችሁን በየሰዓቱ ዘርጉ፣ ጨብጡ፤ ክርንና ትከሻችሁንም አንቀሳቅሱ፤ ካልሆነ ጄሶው ሲወጣ የሚደነድነው የተሰበረው ቦታ ብቻ አይሆንም። ሲያሳክካችሁ እንጨት ወይም እስክሪብቶ አታስገቡ፤ ቆዳው ይቆስላል፣ ቁስሉ አይታይም። ስትታጠቡ በፌስታል አስራችሁ ከውሃ አርቁት። ጣቶቻችሁ ከሰማያዊነት ወይም ከመገርጣት ጋር ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ፣ ወይም ሕመሙ በማስታገሻ ሳይበርድ እየባሰ ከሄደ የዚያኑ ሰዓት ሐኪም ቤት ሂዱ። እስኪነጋ አትጠብቁ።

የቆማችሁት በስብራት ሳይሆን በወባ፣ በታይፎይድ ወይም በጉንፋን ከሆነ ደግሞ ሕጉ አጭር ነው፦ ትኩሳት ባለበት ልምምድ የለም። ትኩሳቱ ሄዶ፣ ምግብ መብላት ጀምራችሁ፣ ጥቂት ቀን ቆይታችሁ በእግር ጉዞ ጀምሩ። በትኩሳት ላይ ልብን ማስጨነቅ አደጋ አለው።

የልብ ሥራ፦ ደረጃና ታቦር

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡ፤ ውጤቱ ያለው እዚህ ነው።

መጀመሪያ አንድ ማስጠንቀቂያ። የብስክሌተኛ ልብና ሳንባ ጠንካራ ነው፤ አጥንቱና ጅማቱ ግን መሬት መምታትን አልለመዱም። ብስክሌት ላይ እግር አያርፍም፣ ይሽከረከራል። ስለዚህ ብስክሌቱን ያስቀመጠ ሰው በማግስቱ ለሩጫ ሲወጣ ትንፋሹ ይችልለታል፣ በሳምንቱ ግን ባቱን ወይም የተረከዙን ጅማት ይይዛል። አንድ ጉዳት የነበረው ሰው ሁለት ይሆንበታል። ሩጫ ካማራችሁ ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ፣ አንድ ደቂቃ እየሮጣችሁ ሁለት ደቂቃ እየተራመዳችሁ ጀምሩ። እኔ ግን ሽቅብን እመርጣለሁ። ዳገት ላይ የእግር አወራረድ ለስላሳ ነው፤ የሚሠራውም ጭንና መቀመጫ፣ ማለትም ፔዳሉን የሚገፋው ያው ጡንቻ ነው።

ታቦር ተራራ ከከተማው መሀል በእግር የሚደረስበት ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ፣ ሐይቁ ላይ ጉሙ ሳይነሳ፣ እግሩ ሥር እደርሳለሁ። አሠራሩ ይህ ነው፦

አሥር ደቂቃ በሜዳው ላይ ተራመዱ፤ ሰውነት ይሙቅ። ከዚያ ለአራት ደቂቃ ሽቅብ፣ መሮጥ ሳይሆን ረጅም እርምጃ እየጣላችሁ፣ በኃይል ውጡ። በመጀመሪያው ደቂቃ ቀላል ይመስላል። በሁለተኛው ትንፋሽ ይጠጋጋል። በሦስተኛው ከአጠገባችሁ ያለ ሰው ቢያናግራችሁ ከሁለት ሦስት ቃል በላይ መመለስ አትችሉም፤ ትክክለኛው ልክ እሱ ነው። አራተኛው ሲያልቅ ቁሙ፣ ለሦስት ደቂቃ ቀስ ብላችሁ ወደ ታች ተመለሱ። አራት ጊዜ ድገሙት። የመጀመሪያው ቀን ሁለት ጊዜ ይብቃችሁ።

የልብ ምት መቁጠሪያ ሰዓት አያስፈልግም። ጤነኛውን እጃችሁን አንገታችሁ ጎን፣ ከመንጋጋ በታች አድርጉና ለ15 ሰከንድ ቁጠሩ፤ በአራት አባዙት። ከ220 ላይ ዕድሜያችሁን ስትቀንሱ የልባችሁን ጣሪያ በግምት ታገኛላችሁ። የ30 ዓመት ሰው 190 ይሆንበታል። በሽቅቡ መጨረሻ ከዚያ ከ85 እስከ 90 በመቶ፣ ማለትም በ15 ሰከንድ ከ40 እስከ 43 ምት መቁጠር ጥሩ ነው። ይህ ስሌት ለአንዱ ሰው ከፍ፣ ለሌላው ዝቅ ብሎ ይስታል፤ ቁጥሩና ትንፋሻችሁ ካልተስማሙ ትንፋሻችሁን እመኑ።

ስትወርዱ አትሩጡ። ቁልቁለት ነው ጭንን ለሦስት ቀን የሚያስረው። እጃቸው የታሰረ ደግሞ ሚዛናቸው እንደ ድሮው አይደለም፤ ስትንሸራተቱ ሰውነት ሳያስብ የሚዘረጋው ያንኑ እጅ ነው። ክረምት ላይ ሌሊቱን ዘንቦ ካደረ ታቦርን ተዉት።

ለዚያ ቀን ደረጃ አለ። እኔ የተጠቀምኩት ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ነበር፤ ጥበቃውን አስፈቅጄ ቅዳሜ ጠዋት ሰው ሳይበዛ እወጣ ነበር። ከምድር እስከ አራተኛ ፎቅ በአንድ ትንፋሽ ፈጠን ብሎ መውጣት አንድ ደቂቃ አካባቢ ይወስዳል። በጤነኛው እጃችሁ የደረጃውን መደገፊያ እየነካችሁ ውረዱ፤ ከስምንት እስከ አሥር ጊዜ። ደረጃውን አንዳንዱን ዙር አንድ በአንድ፣ አንዳንዱን ሁለት ሁለት እየዘለላችሁ ውጡ። ሁለት ሁለት ሲሆን መቀመጫና ጭን ይሠራል፣ ከባድ ማርሽ እንደመግፋት ነው። አንድ በአንድ ሲሆን ፍጥነት ይለመዳል።

ጂም ውስጥ ያለውን የማይንቀሳቀስ ብስክሌት የምታገኙ ከሆነና ሐኪሙ ከፈቀደ ይህን ሁሉ በእሱ ላይ ሥሩት፤ ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነው። ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡ፣ የታመመው እጅ መሪው ላይ አይደገፍ። በደቂቃ 90 ዙር የለመደ ሰው ያንን ማቆየት ይችላል፦ በ10 ሰከንድ አንዱ እግር 15 ጊዜ ሲወርድ ማለት ነው። በጀርባ ተኝቶ አየር ላይ ፔዳል መምታት የሚባለውን ግን ብዙ አትተማመኑበት። ዳሌን ያፍታታል እንጂ ልብን አይፈትንም።

ሐይቁ ውስጥ መዋኘትስ? አይሆንም። የሐዋሳ ሐይቅ ጉማሬ አለበት፣ ቢልሃርዝያም አለበት። ዋና የሚፈቀድላችሁ ከሆነ፣ በተለይ ጉዳታችሁ ጉልበት ወይም ቁርጭምጭሚት ላይ ሆኖ መራመድ ካልቻላችሁ፣ የሆቴል መዋኛ ገንዳ ፈልጉ። ገንዳም ከሌለ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ በሁለት እጃችሁ እንደ ቦክሰኛ አየር መምታት ትችላላችሁ፤ አንድ ደቂቃ በኃይል፣ አንድ ደቂቃ እረፍት፣ አሥር ጊዜ። እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ አይምሰላችሁ፤ ልብ በደንብ ይሠራል።

የእግርና የወገብ ሥራ፦ ቤት ውስጥ

በሳምንት ሁለት ቀን፣ ግማሽ ሰዓት። የሚያስፈልገው የማይነቃነቅ ወንበር፣ የደረጃ ጠርዝና ጀርባ ላይ የሚታዘል ቦርሳ ነው። ቦርሳው ውስጥ አምስት ኪሎ የሚሆን ነገር፣ መጽሐፍም ይሁን ስኳር፣ ጨምሩ። ጀሪካን በእጅ አንጠልጥሉ የሚላችሁ ካለ እጃችሁ እስኪድን አትስሙት፤ አንድ ወገን ብቻ ሲጎተት ወገብ ይጣመማል።

ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። አንዱን እግር ወደፊት አንሱና በሌላው እግር ብቻ ተነሱ፤ ከዚያ ሳትወድቁ፣ ሦስት እየቆጠራችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ተቀመጡ። ዋናው ጥቅም ያለው በመቀመጡ ላይ ነው። ጉልበታችሁ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ተመልከቱት፤ ከሁለተኛው የእግር ጣት ጋር ትይዩ ይሁን። ለእያንዳንዱ እግር ስምንት ጊዜ፣ ሦስት ዙር። ያልቻላችሁ ወንበሩ ላይ ወፍራም ትራስ ጨምራችሁ ከፍ አድርጉት። በመጀመሪያው ቀን የእኔ ግራ እግር ከቀኙ በግልጽ እንደሚደክም ያየሁት በዚህ ነው፤ ለዓመታት ብስክሌት ላይ ሁለቱ ተሸፋፍነው ሲሄዱ አላወቅኩም ነበር።

ሌሎቹን በአጭሩ። በአንድ እግር ደረጃ ላይ መውጣትና መውረድ፣ ቦርሳውን አዝሎ። በጀርባ ተኝቶ፣ ጉልበት አጥፎ፣ ዳሌን ወደ ላይ ማንሳት፤ ሲቀል በአንድ እግር። የደረጃ ጠርዝ ላይ በእግር ጣት ቆሞ ተረከዝን ማንሳትና ከጠርዙ በታች ማውረድ፣ ለባት። ለሆድና ለወገብ፣ በጀርባ ተኝቶ ወገብን ምንጣፉ ላይ አጣብቆ አንድ እግር ከአንድ ተቃራኒ እጅ ጋር ዘርግቶ መመለስ። በመዳፍ ተደግፎ የሚሠራ ማንኛውም ነገር፣ ፑሽ አፕም ሆነ ሌላ፣ አንጓ ለተሰበረ ሰው ክልክል ነው።

የሚያስደንቅ አንድ ነገር አለ። ጤነኛውን እጅ ማጠንከር የታሰረውን እጅ ጉልበትም በከፊል ከመጥፋት ያድናል። አእምሮ ትዕዛዙን ለአንዱ ወገን ሲልክ ሌላውም ከነርቭ በኩል ይጠቀማል። ስለዚህ በጤነኛው እጅ የላስቲክ ኳስ ወይም የተጠቀለለ ካልሲ መጭመቅ፣ ለአሥር ሰከንድ ይዞ መልቀቅ፣ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ፣ ጠቃሚ ሥራ ነው። ፍሬን የሚይዘው እጅ ነውና።

ሳምንቱ እንዴት ይደለደል

የኔ ሳምንት እንዲህ ነበር። ማክሰኞ ታቦር፣ ቅዳሜ ደረጃ፤ እነዚህ ሁለቱ ጠንካራዎቹ ናቸው፣ በመካከላቸው ቢያንስ ሁለት ቀን ይኑር። ሰኞና ሐሙስ የቤት ውስጥ የጉልበት ሥራ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ረጅም የእግር ጉዞ፣ ከጉዱማሌ ተነስቶ በሐይቁ ዳር እስከ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያና ወዲያ፣ ሁለት ሰዓት ያህል። ረቡዕና ዓርብ ስለምጾም ቀላል ቀን አደረግኳቸው።

ጠዋት ከአልጋ ሳትነሱ የልብ ምታችሁን ቁጠሩና ጻፉት። ከተለመደው ሰባት ስምንት ምት ከፍ ብሎ ካገኛችሁት፣ እንቅልፍ ጎድሏል ወይም ሕመም እየመጣ ነው፤ ያን ቀን ጠንካራውን ሥራ አሳልፉት። ለስድስት ሳምንት ደብተር ላይ ስጽፍ ሁለት ጊዜ ገጥሞኛል፤ በሁለተኛው ጊዜ በማግስቱ ጉንፋን ያዘኝ።

ምግብ

ብስክሌት ሲቆም ብዙ ሰው «ስለማልሠራ ልቀንስ» ይላል። መቀነስ ያለበት ስኳርና ለስላሳ መጠጥ ነው። አጥንት የሚገጥመውና ጡንቻ የሚቆየው በምግብ ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በቀን ከ70 እስከ 95 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል አለው፤ 100 ግራም ዓሣ ወደ 20 ግራም። አሞራ ገደል ለሚቀርበን ሰዎች ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ከሥጋ ይረክሳል፤ የዓሣ ሾርባውም ጥሩ ነው።

የኔ ጄሶ ፍልሰታ ውስጥ ገባ። ዓሣን በጾም የሚበሉ አሉ፣ የማይበሉም አሉ፤ እኔ አልበላሁም። ስለዚህ በየቀኑ በአንዱ ማዕድ ሽሮ፣ በሌላው ምስር፣ በመካከሉ የተቆላ ሽንብራ ወይም ኦቾሎኒ እንዲኖር አደረግኩ። ቆጮ ሆድ ይሞላል እንጂ ፕሮቲኑ ጥቂት ነው፤ ከሱ ጋር ባቄላ ወይም ሽሮ አድርጉበት። ጠዋት ጥቂት ፀሐይ ሙቁ። የምታጨሱ ከሆነ ሲጋራ የአጥንትን መግጠም እንደሚያዘገይ እወቁ፤ ለማቆም ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም።

ወደ ኮርቻው መመለስ

ጄሶው ሲወጣ እጃችሁ ቀጥኖ፣ ቆዳው ተቀርፎ፣ አንጓው እንደ ዝገት ማጠፊያ ደርቆ ታገኙታላችሁ። አትደንግጡ። ሐኪሙ የሚያሳያችሁን የማፍታቻ እንቅስቃሴ በለብ ያለ ውሃ ውስጥ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ሥሩ። ጄሶ ወጣ ማለት መንዳት ተፈቀደ ማለት አይደለም፤ ያንን ለይታችሁ ጠይቁ።

ለስድስት ሳምንት የቆመ ብስክሌት ጎማው ይተነፍሳል፣ ካቴናው ይደርቃል። ንፉት፣ ቅቡት፣ የፍሬን ላስቲኩን እዩ። የመጀመሪያው ሳምንት በሜዳ ላይ፣ ጠዋት ባጃጅና ጋሪ ሳይበዛ፣ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ፤ አንድ ቀን ነድታችሁ አንድ ቀን እረፉ። ሁለተኛው ሳምንት እስከ አንድ ሰዓት። ወደ ሻሸመኔ የሚወስደውን መንገድ፣ የጭነት መኪናው ስለሚበዛና አስፋልቱ እጅ ስለሚያንቀጠቅጥ፣ እስከ አራተኛው ሳምንት አትሞክሩት። ልባችሁና እግራችሁ ከምትገምቱት በላይ ዝግጁ ሆነው ይጠብቋችኋል፤ የሚቀድመው ድካም ከእጅ፣ ከአንገትና ከመቀመጫ ይመጣል። የሚወሰነውም በእነሱ ነው።

ከግቢ ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ፈተና አድርጉ። ብስክሌቱን ይዛችሁ ቁሙ፤ በዳነው እጅ ብቻ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ጨብጡና ብስክሌቱን በሌላው እጅ ወደፊት ግፉት። ጎማው ከተንቀሳቀሰ ወይም አንጓችሁ ከወጋችሁ ብስክሌቱን መልሳችሁ ግድግዳው ላይ አስደግፉትና በማግስቱ ታቦር ውጡ። እኔ ያለፍኩት በሦስተኛው ሙከራ፣ ጄሶው ከወጣ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነበር።